የተከለከለው የትምህርት ፈቃድ

ኦቦ ኢታና ሂርና ለቅሶ ደርሰው ወደ ጭሮ ለመመለስ ተነሥተው ገና ከከተማው ሳይወጡ የመኪናቸው ሞተር ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ረፋድ ነበር። መካኒኩ ልኩን ቺንጋ ሊፈልግ በባጃጅ ሲሄድ፣ እሳቸው አንድ ጎማ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀመጡ። አስፋልቱ ላይ ጫት የጫኑ ፒክአፖች ለመቀዳደም ይጣደፋሉ፤ ሚኒባሶች እየቆሙ ሰው ይጭናሉ። በዚህ መሐል ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወደ ሚኒባሶቹ የምትሄድ ሴት አዩ። ሹክሪያ ነበረች። እሷም አየቻቸው። አይተው እንዳላዩ መተላለፍ ለሁለቱም የማይሆን ነገር ሆነ።

ሹክሪያ ጂብሪል የኦቦ ኢታና ሠራተኛ ናት። እሳቸው በጭሮ ከተማ «ቡርቃ» የሚባል አነስተኛ የውሃ ጥናት አማካሪ ድርጅት አላቸው። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው። የድርጅቱ ሥራ ጉድጓድ የት ቢቆፈር ጥሩ ውሃ እንደሚገኝ አጥንቶ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለረድኤት ድርጅቶች ምክር መስጠት፣ ንድፍ ማዘጋጀትና ቁፋሮውን መቆጣጠር ነው። ኦቦ ኢታና ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው የቀያሽ ረዳት ሆነው ሜትር እየጎተቱ ጀመሩ፤ የማታ ተምረው ዲፕሎማ ያዙ፤ የምዕራብ ሐረርጌን ተራራና ሸለቆ ለረጅም ዓመታት በእግራቸው አዳረሱ። በኋላም የመንግሥቱን ሥራ ለቀው ይህን ድርጅት አቋቋሙ። ሹክሪያ በጂኦሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ ከእሳቸው ዘንድ ከተቀጠረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ከአሥራ አንዱ ሠራተኞች ይበልጥ የሚመኩት በእሷ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሹክሪያ አንድ ማመልከቻ አስገብታ ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ በከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ፈተናውን አልፋለች፤ ድርጅቱ ደመወዟን ሳያቋርጥ የሁለት ዓመት የትምህርት ፈቃድ እንዲሰጣት፣ እሷም ተመልሳ እንድታገለግል ጠየቀች። ኦቦ ኢታና በማመልከቻው ግርጌ «የሥራው ሁኔታ ስለማይፈቅድ አልተፈቀደም» ብለው ፈረሙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሹክሪያ በሰዓቷ ትገባለች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ሰላምታም አታጓድልም። ከሥራ ውጭ የሆነ አንዲት ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። ይህ ዝምታ ለኦቦ ኢታና ከጠብ ይልቅ ከብዷቸው ሰነበተ።

«ደህና አደሩ ኦቦ ኢታና? ምን ገጠመዎት?» አለች ቀረብ ብላ።

«ቺንጋ ነው። ደህና ነሽ ሹክሪያ? እናትሽን ልትጠይቂ ነው የመጣሽው?»

«አዎ። ደህና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ።»

«መኪናው አሁን ይነሣል። ከኔ ጋር ትሄጃለሽ፤ አረፍ በይ።»

የጎማ ቤቱ ባለቤት ሌላ ወንበር አወጣላት። ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና ሲመለከቱ ቆዩ።

«ተቀይመሽኛል» አሉ ኦቦ ኢታና ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

«አልተቀየምኩም፤ አዝኛለሁ እንጂ። ብቀየም ኖሮ ሥራውን እለቅ ነበር።»

«እንደ ልጄ ነው የማይሽ፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። የከለከልኩሽ ክፉ አስቤልሽ አይደለም። ኦብሳን ታስታውሺዋለሽ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ?»

«ኦብሳን ደመወዙን እየከፈልኩ፣ ሥራውን እናንተ ተከፋፍላችሁ እየሠራችሁለት ሁለት ዓመት አስተማርኩት። ቤቱ እንዳይጨነቅ ብዬ በየበዓሉ ሚስቱን እጠይቅ ነበር። ተምሮ መጣ፤ አራት ወር ተቀመጠ፤ ከዚያ አንድ ወረቀት ጽፎ አዲስ አበባ ትልቅ ድርጅት ገባ። ሊሰናበተኝ ቤቴ የመጣ ዕለት ባለቤቴ በቀለች ምሳ አቀረበችለት፤ እኔ ግን ከማዕዱ አልቀረብኩም። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ያን ቀን ከእንግዲህ በገዛ እጄ ሰው አስተምሬ ለሌላ አሳልፌ አልሰጥም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።»

ኦቦ ኢታና ክፉ ሰው አይደሉም። በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ሆነው የሚያገለግሉ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ የሠራተኛ ደመወዝ አንድ ቀን አሳድረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ነገር ግን ልቡ የቆሰለ ሰው ቁስሉን ለመጠበቅ ሲል ብዙ ጊዜ በሩን ለጥፋተኛውም ለንጹሑም እኩል ይዘጋል። የሚዘጋው በር የራሱ ቤት በር መሆኑን የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው።

ሹክሪያ ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች።

«ኦቦ ኢታና፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ በድፍረት አይቁጠሩብኝ። ኦብሳ ተምሮ ሲመለስ ጠረጴዛው ከእኔ ጎን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የተማረውን ስሌት በኮምፒዩተር ሊያሳየን ፈለገ፤ የመሰላ ወረዳው ሥራ ስላጣደፈን ጊዜ የለም ተባለ። በሁለተኛው ወር የጥናት አሠራራችን ምን ቢደረግ እንደሚሻሻል ዐሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ ለእርስዎ አቀረበ፤ የመለሰለት ሰው አልነበረም። አራቱን ወር ሙሉ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሲቆጥርና የእኛን ሪፖርት ሲተይብ ነው የከረመው። ከመሄዱ በፊትም ይሠራ የነበረው ያንኑ ነው። አንድ ቀን ‹ሹክሪያ፣ እኔ የተማርኩት ለምንድን ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ደመወዝ ግን አንድም ቀን ሲያነሣ አልሰማሁም።»

«ያልሽውን ጽሑፍ አላየሁትም» አሉ ኦቦ ኢታና።

«ጠረጴዛዎ ላይ ለብዙ ቀን ነበር። በኋላ መሳቢያ ውስጥ ገባ።»

«ይሁን እሺ። ቢሆንስ፣ የተደረገለትን አስቦ መቆየት አይገባውም ነበር?»

«ይገባው ነበር። ግን ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት ማን ነገረው? ውል አልተጻፈም። ሲመለስ ምን ሥራ እንደሚጠብቀውም አልተነጋገራችሁም። እርስዎ በልብዎ ውለታ ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሥራ ይጠብቅ ነበር። ሁለታችሁም የጠበቃችሁትን ሳታገኙ ተለያያችሁ።»

መካኒኩ ቺንጋውን ይዞ ደረሰ። ኦቦ ኢታና ተነሥተው እስኪገጥም ድረስ ከጎኑ ቆሙ። መኪናው ተነሥቶ ከሂርና ወጥተው ጠመዝማዛውን መንገድ ሲይዙ ግን ክርክሩ እንደገና ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የጀመሩት ሌላ አቅጣጫ ይዘው ነበር።

«እስቲ ስለ ሰው እንተወውና ስለ ዕውቀቱ እንነጋገር። እኔ ሁለተኛ ዲግሪ የለኝም። ይህን ሁሉ አገር ግን ውሃ አጠጥቻለሁ። ሸለቆውን አይቼ፣ ዛፉን አይቼ፣ የድንጋዩን ቀለም አይቼ ‹እዚህ ቆፍሩ› ያልኩበት ቦታ ስንቱ ነው? አንቺም ዘጠኝ ዓመት ከኔ ጋር ተመላልሰሻል። እዚህ ያለው ትምህርት ክፍል ውስጥ ካለው ያንሳል?»

«አያንስም። እርስዎ ያሳዩኝን የትኛውም መምህር አላሳየኝም። ዋርካ በደረቅ አገር ለምለም ሆኖ ሲገኝ ምን እንደሚናገር የተማርኩት ከእርስዎ ነው። ግን በእግር ሄዶ በዐይን የሚታየው የላዩ ነው። እኛ ምክር የምንሰጠው ከታች ስላለው ነው። ደግሞ አገሩ ተለውጧል። ያኔ ጉድጓዱ ጥልቀት የለውም፣ የሚጠጣውም ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ሁለት መቶ ሜትር ቆፍረን ለሺህ ሰው ነው የምንከፍተው። ነጋዴ የተበላሸ ዕቃ ቢሸጥ ገዢው መልሶ ይወረውርለታል። የእኛን የተበላሸ ምክር ግን ሕዝቡ ይጠጣዋል እንጂ አይመልሰውም።»

«የተበላሸ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።»

ሹክሪያ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ተመለከተች።

«የገንደ ሊበን ጉድጓድስ?» አለች በለሆሳስ።

ገንደ ሊበን ከቦርደዴ ወጣ ብላ ቆላው ላይ ያለች መንደር ናት። ቡርቃ እዚያ ጉድጓድ ያስቆፈረው ከስምንት ዓመት በፊት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የጤና ባለሙያዎች መጥተው ዘጉት፤ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር በዝቶ የልጆችን ጥርስ አበላሽቷልና። ይህን ስም በቡርቃ ቢሮ ውስጥ የሚያነሣ ሰው አልነበረም።

«ያን ጉድጓድ አታንሺብኝ» አሉ ኦቦ ኢታና። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ መሪውን የያዘው እጃቸው ግን ጠበቀ። «ሕጉ የሚያዘው ምርመራ ሁሉ ተደርጎ ነው የተከፈተው። ማንም አልወቀሰንም።»

«ልክ ነው፣ ማንም አልወቀሰንም። ግን ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርዎት። ሥራ ከጀመርኩ ገና አንድ ዓመቴ ነበር። ውሃው ወጥቶ ሕዝቡ እልል ሲል እጄን ከቧንቧው ሥር አደረግኩ። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ቧንቧው በፀሐይ ስለጋለ ነው አልኩ። ናሙናው ሲመረመር ፍሎራይዱ ከተፈቀደው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ፣ እርስዎም ፈረሙ። ለብ ያለ ውሃ በዚያ አገር ከጥልቅ፣ ከጋለ አለት ሥር እንደሚመጣ፣ በተሳበ ቁጥርም የጥልቁ ውሃ እየበዛ ፍሎራይዱም እየጨመረ እንደሚሄድ አላወቅኩም። ይህን ያነበብኩት ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ብማር ኖሮ ‹ይህ ውሃ ለምን ሞቀ?› ብዬ እጠይቅ ነበር። የጎደለን አንድ ጥያቄ ነው ኦቦ ኢታና። እኔ ልማር የምለው ማዕረግ ፈልጌ አይደለም።»

ኦቦ ኢታና ጭሮ ደርሰው ቤቷ አጠገብ ሲያወርዷት «በሰላም ዋይ» አሏት፤ እሷም አመስግና ገባች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በቀለችን ወደ ቤት ሸኝተው እሳቸው ብቻቸውን ወደ ቢሮ ሄዱ። የታችኛውን መሳቢያ ከፍተው ከቆዩ ደረሰኞችና ካርታዎች ሥር አንድ ሰማያዊ ማኅደር አወጡ። የኦብሳ ጽሑፍ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «በቆላው ወረዳዎች ያስቆፈርናቸው ጉድጓዶች የውሃቸው ሙቀት እንዲመዘገብና ፍሎራይዳቸው በየስድስት ወሩ እንደገና እንዲመረመር አሳስባለሁ» ይላል። ቀኑን አዩት። ጽሑፉ የቀረበው ገንደ ሊበን ጉድጓድ ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ሁለት ዓመት ሕዝቡ ያን ውሃ እየጠጣ ቆይቷል፤ ማስጠንቀቂያው ግን እዚህ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ኦቦ ኢታና መነጽራቸውን አውልቀው ማኅደሩን ከፊታቸው አኖሩ። ከድቶኝ ሄደ ሲሉት የኖሩት ሰው የተማረውን ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጦላቸው እንደሄደ ያን ጊዜ ገባቸው።

ሰኞ ጠዋት ሹክሪያን ጠርተው «ገንደ ሊበን እንሂድ» አሏት።

ከጭሮ ደጋ ወርደው ሚኤሶን ሲያልፉ ሙቀቱ በመስኮቱ ገባ። መንደሩ ሲደርሱ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ መይሙና ተቀበለቻቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ንግግሯ የረጋ ሴት ናት። «አሰላሙ አለይኩም» አለች፤ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። የውሃ ማደያው ባለበት ነው፤ በሩ ላይ ግን ወፍራም ሰንሰለት አለ። አሁን ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት በአህያ ሁለት ሰዓት ሄደው ነው።

ኦቦ ኢታና በኦሮምኛ «ልጆቹን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ።

መይሙና ልጇን ሀሚዳን ጠራቻት። ሀሚዳ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ጉድጓዱ ሲከፈት ሁለት ዓመቷ ነበር። ስትናገር በሻሿ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። እናቷ ስታግባባት ሻሿን ዝቅ አደረገች። የፊት ጥርሶቿ ቡናማ ሆነው ተቦርቡረዋል። ኦቦ ኢታና አዩ፤ ራሷን ዳበስ አድርገው ወደ ጨዋታዋ አሰናበቷት።

«ይህ በመድኃኒት አይለቅም ብለውናል» አለች መይሙና። «እኛ አንወቅሳችሁም። ውሃ አልነበረንም፣ ውሃ አመጣችሁልን፤ ሕፃናቱ በተቅማጥ መሞታቸው ቀንሶ ነበር። አሁን ወረዳው ሌላ ጉድጓድ አስጠናለሁ ብሏል፤ የምታጠኑትም እናንተ ናችሁ ሲሉ ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ያኔ ያላወቃችሁትን ዛሬ ታውቃላችሁ?»

ኦቦ ኢታና ወደ ሹክሪያ ዞር አሉ። ሹክሪያ መሬት መሬቱን ታያለች። ለሠላሳ ዓመታት ‹እዚህ ቆፍሩ› ሲሉ የኖሩት ሰው፣ ዕድሜዋ የእሳቸው እኩሌታ በሆነ ሴት ፊት ተጠያቂ ሆኑ። ቀላሉ መልስ «አዎ» ማለት ነበር፤ ሥራውም እጃቸው ላይ ይቆይ ነበር።

«አናውቅም» አሉ።

«እንግዲያው ሳታውቁ አትቆፍሩ» አለች መይሙና። ቁጣ አልነበረባትም፤ ነገሩን እንዲሁ ተናገረችው።

ሲመለሱ ኦቦ ኢታና ዳገቱን ሳይጀምሩ ከአስፋልቱ ወጣ ብለው አንዲት ግራር ሥር መኪናውን አቆሙ።

«ለወረዳው ጽፌ ይህን ጥናት እንደማንወስድ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «ሌላ የሚያውቅ ካገኙ ያሠሩት፤ ካጡ ደግሞ እኛ እስክናውቅ ይጠብቁን። አንቺም ትሄጃለሽ። ግን እንደ ኦብሳ አይሆንም፤ ዛሬ ሁሉንም ነገር እንነጋገር።»

«እንነጋገር» አለች ሹክሪያ፣ ማስታወሻዋን አውጥታ።

«ሁለት ዓመት ትማሪያለሽ። ከዚያ ስንት ዓመት ታገለግያለሽ?»

«አራት። አቋርጬ ብሄድ በቀረው ዘመን ልክ የተከፈለልኝን እመልሳለሁ። ይህ በውል ይጻፍ። ደመወዙም ሙሉ ባይሆን ግድ የለም፤ በዕረፍት ወራት እየመጣሁ እሠራለሁ።»

«ዋስ ትጠሪያለሽ?»

«አባቴ ዋስ ይሆናሉ። አሁን ደግሞ የእኔን ልበል። ውሉ የእኔን ግዴታ ብቻ ሳይሆን የድርጅቱንም ይያዝ። ስመለስ የጥናት ክፍሉን እንድመራ፤ የተማርኩትንም ለሌሎቹ እንዳስተምር በሳምንት ግማሽ ቀን ይሰጠኝ። የመመረቂያ ጥናቴ በዚሁ በቆላው ውሃ ላይ ይሆናል፤ ስለዚህ ድርጅቱ እስክመረቅ አይጠብቅም፣ ገና ስማር መጠቀም ይጀምራል።»

ኦቦ ኢታና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌሎቹ ሠራተኞችስ? ለእሷ ተደርጎ ለእኛ ለምን ይቀራል ቢሉ ምን እላለሁ?»

«ለእኔ ብቻ የተደረገ ውለታ ከሆነ መቀየማቸው አይቀርም። ደንብ ከሆነ ግን ተራቸውን ይጠብቃሉ። አራት ዓመት ያገለገለ፣ ድርጅቱ በሚጎድለው ሙያ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብሎ ይጻፍና ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ሰው ለመማር ብሎ አይለቅም፤ ለመማር ብሎ ይቆያል።»

እነሆ፣ በመሥሪያ ቤቶቻችን ትምህርት ብዙውን ጊዜ በልመና የሚሰጥ ችሮታ ተደርጎ ይታያል። የሚሰጠው ሰው ምስጋና ይጠብቃል፤ የሚቀበለው ደግሞ አንገቱን ይደፋል። ሁለቱ ተቀምጠው የሚሰጡትንና የሚቀበሉትን በግልጽ ቢጻጻፉ ግን ችሮታው ስምምነት ይሆናል፤ ቅያሜም መግቢያ ያጣል። ኦቦ ኢታና ይህን የተረዱት በዚያች ግራር ሥር ነው።

በዚያው ሳምንት ኦብሳ ዘንድ ደወሉ። «ጽሑፍህን አነበብኩት» አሉት። «ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ሲሉት «እኔም ፊት ለፊት ልነግርዎት ሲገባኝ ፈርቼ ሄድኩ» አለ ኦብሳ። ሹክሪያ አዲስ አበባ ስትገባ ቤት ያፈላለገላት፣ መጻሕፍቱንም የሰጣት እሱ ነበር።

ሁለቱ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ኦቦ ኢታና በሚያማቸው ጉልበት እንደገና መስክ ወጡ። ሹክሪያ ባለመኖሯ አንድ ትልቅ ሥራ አመለጣቸው። በዚያው ከተማ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ድርጅት ያለው ሳቢር ባገኛቸው ቁጥር «ኦቦ ኢታና፣ ልጅቷን አዲስ አበባ ከለመደች በኋላ ጭሮ የሚመልሳት ምንድን ነው?» ይላቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ትልቅ ድርጅት ሥራ አቅርቦላታል የሚል ወሬ መጣ። ወሬው እውነት ነበር። ኦቦ ኢታና ደውለው ሊጠይቋት ስልኩን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት፤ በተፈራረሙት ላይ መጠራጠር ነውር ሆኖ ታያቸው። ሹክሪያ በዕረፍቷ ከሚኤሶ እስከ ቦርደዴ ያሉትን ጉድጓዶች አንድ በአንድ እየዞረች ሙቀታቸውንና ፍሎራይዳቸውን ለካች። ትምህርቷን እንደጨረሰች በውሉ በተጻፈው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ገባች።

ጥናቷ እንዳሳየው ችግሩ ሜዳው መሐል በጥልቁ ያለው ውሃ ነው። ከተራራው ግርጌ፣ ዝናብ በሚሰርግበት ድንጋያማ ስፍራ ግን ጥልቀቱ ያነሰ፣ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ አለ። ጉድጓዱን እዚያ ቆፍሮ በቧንቧ ወደ መንደሮቹ ማውረድ ይቻላል። ወረዳው ጠብቋቸው ነበርና ሥራው ተጀመረ፤ ቁፋሮውና ቧንቧው አንድ ዓመት ፈጀ።

ቧንቧው ሊያልቅ ሲቃረብ ሳቢር ወደ ቡርቃ ቢሮ መጣ። ሁለት ጎበዝ ሠራተኞቹ ለመማር ብለው ጥለውት ሄደው ነበር።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አለ። «አዋጣዎት?»

«መጀመሪያ ሁለት ዓመት ተጎዳሁ፤ እሱን አልደብቅህም» አሉ ኦቦ ኢታና። «ያገኘሁት ግን ይኸው። ድሮ በግምት የምንፈርመውን ዛሬ አውቀን ነው የምንፈርመው። ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጣል። ሹክሪያ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታስተምራለች፤ እኔም ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ፣ ስለዚህ የተማረው አንድ ሰው ቢሆንም የሚያውቀው ቢሮው ሁሉ ነው። ድሮ ከአዲስ አበባ ባለሙያ እንድንጠራ ያስገድዱን የነበሩ መሥሪያ ቤቶች አሁን ቆላው ላይ ችግር ሲገጥማቸው እኛን ይጠራሉ። አሁን ሌላዋ ሠራተኛችን ትዕምርት የመስኖ ትምህርት ልትማር ሄዳለች፤ ደንቡ ከተለጠፈ ወዲህ ደግሞ ሥራ የለቀቀ ሰው የለም።»

«ትዕምርት ባትመለስስ?»

«ውሉ አለ። ከውሉ ይልቅ ግን የምትመለስበት ሥራ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። የሚጠብቀው ሥራ ከሌለ ውል ሰውየውን እንጂ ልቡን አይመልሰውም። እኔ በኦብሳ ላይ ያጠፋሁት ይህን ነው። ደግሞ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ፤ የምትልከውን ሰው ስለወደድከው ብለህ አትላከው። ሥራህ የጎደለው ዕውቀት የትኛው እንደሆነ እወቅና ያንን እንዲያመጣልህ ላከው። ለዚህ ግን ያልገባህን ነገር አልገባኝም ማለት አለብህ። እኔ የከበደኝ እሱ ነበር።»

ሳቢር የውሉን ቅጂ ጠየቀ። ኦቦ ኢታና ሰጡት፤ ሹክሪያም አጠገቡ ተቀምጣ እያንዳንዱን አንቀጽ አስረዳችው።

ውሃው ገንደ ሊበን የገባው በጥር ወር ነው። የወረዳው ሰዎች ተናገሩ፤ የረድኤት ድርጅቱ ተወካይ ተናገረ። ሕዝቡ ከቡርቃ ወገን ሹክሪያን ሲጠብቅ፣ ለመናገር ያላሰቡት ኦቦ ኢታና ከተቀመጡበት ተነሡ። መይሙና ከሴቶቹ ጋር ፊት ለፊት ቆማለች፤ ሀሚዳም አጠገቧ ናት። አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል።

«የመጀመሪያውን ጉድጓድ ያስጠናሁት እኔ ነኝ» አሉ በኦሮምኛ። «ሳናውቅ ነው የቆፈርነው። አለማወቃችን ግን የግድ አልነበረም። ያወቀ ልጅ ነበረኝ፣ የጻፈልኝን አላነበብኩም። ማወቅ የምትፈልግ ልጅ ነበረችኝ፣ ወጪውን ፈርቼ፣ መከዳትንም ፈርቼ ከለከልኳት። የእኔን ፍርሃት ዋጋ የከፈሉት እነዚህ ልጆች ናቸው። የዛሬው ውሃ የእነሱን ጥርስ አይመልስም። ይህን ሳልናገር ብቀመጥ ውሃውን አብሬያችሁ ለመጠጣት አፍር ነበር።»

ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ከመንደሩ ሽማግሌዎች አንዱ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሕዝቡም እንደሳቸው እጁን ዘረጋ።

«ለሚያውቁት ልጆቻችን አላህ ዕድሜ ይስጥልን» አሉ። «ለማያውቁትም መማሪያ ጊዜ ይስጣቸው። ጊዜውን የሚሰጡ አለቆችንም አያሳጣን።»

ኦቦ ኢታና አንገታቸውን ደፍተው ከሕዝቡ ጋር «አሚን» አሉ።